የሜዳችን ሰባት ሜትር

ከኋላ ይሰማል? አስናቀ፣ ከተሰማህ እጅህን አውጣ። ጥሩ። የታሪክ መምህራችን ከሰማ ሁሉም ሰምቷል ማለት ነው።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ላቀች እባላለሁ፤ ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ከጋሽ ወልደሩፋኤል ጋር አንድ ቢሮና አንድ ሜዳ ስንጋራ አሥራ አንድ ዓመታችን ነው። ፊሽካ አንጋራም፤ እሳቸው ንጽሕና ይወዳሉ። ዛሬ በጡረታ ሽኝታቸው ላይ ተናገሪ ስባል ደስም አለኝ፣ ፈራሁም። በእሳቸው መቀለድ ቀላል ነው። ከቀልዱ በኋላ ግን እስከ ዛሬ የከለከልኳቸው አንድ ቃል አለ፤ እሱን ሳልነግራቸው አልቀመጥም።

መጀመሪያ ወደዚህ የመጡ ቀን እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። ታሪኩን የነገሩኝ የቀድሞው ጥበቃችን ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። ከዋጫ የመጣ አይሱዙ በር ላይ ቆመና አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ።

«ማንን ፈልገህ ነው?»

«ሜዳውን።»

ርዕሰ መምህሩን አላለም። ሻንጣውን አጥር ሥር ጥሎ ሜትር አወጣና ጥግ ላይ ተንበረከከ። ጋሽ ከፈለኝ ደንግጠው ለጎረቤታችን ለእትዬ ዓባይነሽ «መሬት ለኪ መጥቷል» ብለው ሹክ አሉ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። እትዬ ዓባይነሽ መጥተው ሜትሩ ላይ ቆሙበት፤ «ከዚህ ወዲያ የአባቴ ነው» አሉ። ወጣቱ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «እናቴ፣ እግርዎን ያንሱልኝ፤ ሁለት መቶ አርባ ላይ ነዎት» አላቸው። አንዱ ዙር ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ሆነ። እሱን ጽፎ ሲጨርስ ነው ቢሮ ሄዶ «አዲሱ መምህር ነኝ» ያለው።

ልማዳቸውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስብሰባ ሲጀመር ሰዓታቸውን ይጫናሉ። ሲያልቅ ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ልኬት፣ ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ምዘና፣ ከቦታችን አልተንቀሳቀስንም» ይላሉ። አስናቀ ደረጃ ወጥቶ ሲያለከልክ የእጁን አንጓ ይይዙና «መቶ ሠላሳ ስምንት። ነገ በእግርህ ና» ይሉታል። አስናቀ ነገም በባጃጅ ይመጣል።

ተማሪው ሁሉ በቃሉ የያዘው ደግሞ ይሄ ነው፦ «ፈተና ማስሮጥ ነው። ልኬት ስንት ሮጠ ማለት ነው። ምዘና ግን ያንን ቁጥር ይዘን ስለ ልጁ ምን እንፍረድ ማለት ነው። ሁለቱን ማሽን ይሠራቸዋል፤ ሦስተኛው እንቅልፍ ይነሣል።»

የአሥራ ሁለት ደቂቃ ሩጫ የሚፈትኑት በጠዋት ነው። የቦንጋን ጠዋት ለእናንተ አላስረዳም። ጉሙ ከጫካው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ በወዲህኛው ጎል ለቆመ የወዲያኛው አይታየውም። ታዲያ ዙር ቆጣሪው ምኑን ይቆጥራል? ጋሽ ወልደሩፋኤል ዘዴ አበጁ። ሯጩ በወዲያኛው ጥግ ሲዞር ስሙን ይጠራል፤ ጓደኛው ከወዲህ ሰምቶ በወረቀት አንድ ጭረት ያደርጋል። ስለዚህ በፈተና ቀን ሰፈሩ የሚነቃው በልጆች ስም ነው። ማዕረግ። ሃሌሉያ። አብነት። ድምፅ አለ፣ ሰው የለም። በመጀመሪያው ዙር ስሙ ሙሉ ነው፤ በሰባተኛው ግማሹ ብቻ ይመጣል። እትዬ ዓባይነሽ በአጥሩ በኩል «ሃሌሉያ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የተሰማችኝ፤ አሟት ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ።

እኔም እዚያ ጉም ውስጥ ስሜን ጠርቻለሁ። እግሬ አይታየኝም ነበር። ሣሩ እርጥብ ነው፣ ዙሪያው ነጭ ነው፣ ከየት እንደመጣሁና ወዴት እንደምሄድ የሚነግረኝ የገዛ ድምፄ ብቻ ነው። አሁንም በሕልሜ አየዋለሁ። ስነቃ እግሬ የደከመ ይመስለኛል።

የሮጥኩት ለስፖርት መምህርነት ኮሌጅ ለመመልመል ነው። ፈታኙ እሳቸው፤ ማለፊያው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር። ዘጠነኛው ዙር ላይ ሳለሁ ፊሽካው ተነፋ። ተሰላ፤ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሰማንያ።

«ጋሼ፣ ሃያ ሜትር እኮ ናት» አልኳቸው።

«ሃያ ሜትርም ሜትር ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ማንኪራ፣ አባቴ ቤት ተመለስኩ። ሁለት ዓመት ቡና ለቀምኩ፣ ቀፎ ተሸከምኩ።

አሁን የምነግራችሁ ሐሜት አይደለም፤ ራሳቸው በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች ይናገሩታል። እኔ ከመፈተኔ በፊት በነበረው ክረምት፣ እሳቸው ለትምህርት ሄደው ሳለ፣ በሜዳው ጥግ የጎርፍ ቦይ ተቆፈረ። ሲመለሱ የጥጉን ባንዲራ ከቦዩ ውጭ ተከሉና ቀጠሉ። ሜዳውን ደግመው አልለኩም። ራሳቸው የለኩትን ምን ያስለካቸዋል? እኔ ከወደቅኩ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ስለ ልኬት ሲያስተምሩ፣ ልጆቹን ሜዳውን ለኩ ብለው ሰደዷቸው። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰባት ብለው መጡ። «ተሳስታችኋል።» ደግመው ለኩ፤ ሃምሳ ሰባት። ዜሮ ሰጧቸው። በሦስተኛው ሜትሩን ተቀብለው ራሳቸው ተንበረከኩ።

አንዱ ዙር በሰባት ሜትር ረዝሞ ነበር። ያን ቀን መዝገቡን አውጥተው፣ ለጥቂት የወደቁትን ለዩ። ሦስት ነበርን፤ አንዱ ዋጫ፣ አንዷ ደካ፣ እኔ ማንኪራ። የጠየቃቸው ሰው የለም። ዝም ቢሉ እስከ ዛሬም ማንም አያውቅም ነበር።

ማንኪራ በእግራቸው መጡ። ቡና እየለቀምኩ ከጉሙ ውስጥ «ላቀች» የሚል ሰማሁ። ያው ሕልሜ መስሎኝ መልቀሜን ቀጠልኩ። ቀና ስል እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆመዋል።

«ያን ቀን የሮጥሽው ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት ነው። አልፈሽ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

«ሁለት ዓመት» አልኩ።

«አዎ። ሁለት ዓመት» አሉ።

አባቴ ማር አቀረበላቸው፤ አልቀመሱትም። በሳምንቱ ስሕተታቸውን በፊርማቸው ያመኑበትን ደብዳቤ ይዘው ኮሌጁ ድረስ ሄዱ፤ እኔም ገባሁ። ያለ እሳቸው ዛሬ እዚህ አልቆምም። ደግሞ ልብ በሉ፤ በእኛ ትምህርት ቤት ተማሪ «ውጤቴ ልክ አይደለም» ብሎ ሲመጣ የሚቆጣ መምህር የለም። ወንበር ስበን አብረን እናያለን። ይህን ያስለመዱን እሳቸው ናቸው፣ እናመሰግናቸዋለን።

ይቅር በይኝ ብለውኝ ግን አያውቁም። መጠየቅ የማይገባቸው ይመስላቸዋል። በየዓመቱ በፈተናው ጠዋት፣ ፊሽካ ሳይነፋ፣ አጠገቤ መጥተው «እንዴት ነሽ ላቀች?» ይላሉ። ብለውም አይሄዱም፤ ትንሽ ይቆያሉ። የሚጠብቁትን አውቃለሁ። «ደህና ነኝ» እላለሁ። ከዚያ ይሄዳሉ። አሥራ አንድ ጊዜ እንዲህ ሆነናል።

መጀመሪያ ዝም ያልኩት ተናድጄ ነው። እኩዮቼ ተመርቀው ደሞዝ ሲበሉ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ፤ አመመኝ። ከዚያ ንዴቱ አለቀ፤ መቼ እንዳለቀ አላውቅም። በየወሩ ዝናብ ላይ ተንበርክከው ሜዳውን ሲለኩ ሳያቸው ይሆናል። ቀጥሎ ደግሞ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ይቅር ካልኳቸው መጠየቃቸውን የሚተዉ መሰለኝ። እንዴት እንደሆንኩ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ መልሴን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ብዙ የለኝም። ሰስቼ ነው የያዝኩት፤ አፍሬበታለሁ።

ጋሽ ወልደሩፋኤል፣ አይነሡ፣ ይቀመጡልኝ። ይቅር ብዬዎታለሁ። ካልኩዎ ቆይቷል፤ በልቤ ነበር። ይህን ያህል ዓመት ስላስጠበቅኩዎ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

እንግዲህ ጠጅም ብርዝም የያዛችሁ ሁሉ፣ አንሱልኝ። ለጋሽ ወልደሩፋኤል ጤናና ረጅም ዕድሜ። ለባለቤታቸው ለእትዬ የወርቅውሃ ደግሞ ትዕግሥት፤ ከነገ ጀምሮ ከጓዳ እስከ ሳሎን ስንት እርምጃ እንደሆነ ይነገራቸዋል። እና ጋሼ፣ ቤቴ ከሜዳው ጀርባ ነው፤ ፈተና ባይኖርም ይምጡ። በሩ ላይ ቆመው እንዴት ነሽ ይበሉኝ። አሁን ደህና ነኝ ብዬ አልሸኝዎትም፤ አስገባዎትና በደንብ እነግርዎታለሁ።

በጤናዎ።