የአቶ ተክሌ የደጋ ፓፓያ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የአሰላ ብርድ ብርድ ነበር፤ እናንተ ይሄንንም ብርድ ትሉታላችሁ! ታዲያ ፓፓያ የምናየው ባለቤቴ ለንግድ አቦምሳ ወርዶ ሲያመጣልን ነው። እናቱ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ እዚያው ቆላ ያደጉ ናቸው፣ እና ለእሳቸው ፓፓያ ፍሬ ብቻ አይደለም። ያረጀ በሬ ሥጋ በቅጠሉ ጠቅልለው ያሳድሩታል፣ በማግስቱ ጥርስ የሌለው ይበላዋል! ሆድ ውስጥ ትል ካለ ደግሞ ዘሩን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ በማር ያወጡታል።

እና አቶ ተክሌ የሚባል ጸሐፊ፣ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ፣ ጎረቤታችን ነበር። ብርዱ ገደለው። ሌት ተቀን ሐሳቡ ናዝሬት መዛወር ነው። ታዲያ ምን አሰበ መሰላችሁ? "አለቃዬ አትክልት ይወዳል፣ አሰላ ላይ ፓፓያ ባፈራለት ተደንቆ ያዛውረኛል" ብሎ ተከለ! እኔ በአጥር በኩል፣ "ኧረ አቶ ተክሌ፣ ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው" አልኩ። "ፋጡማ፣ አንቺ ዝም ብለሽ እዪ!" አለኝ።

ችግኟን ውርጭ እንዳይመታት ጋቢውን ያለብሳታል እኮ! ሚስቱ፣ "እኔንስ ማን ያልብሰኝ?" ትላለች እየተንቀጠቀጠች። ዛፏ ቁመቱንስ አወጣች፣ አልዋሽም፤ ፍሬ ግን ወይ ፍንክች! ቅጠሏንም አማቴን የሰማ የሰፈር ሰው ሁሉ "ለሥጋዬ" እያለ እየለመነ ራሰ በራ አደረጋት።

ታዲያ አለቃው ይመጣል ተባለ። አቶ ተክሌ ባለቤቴ ያመጣውን የአቦምሳ ፓፓያ ለመነና፣ ወላሂ በዓይኔ ነው ያየሁት፣ መሰላል ላይ ወጥቶ በሲባጎ አሰረው።

አለቃው መጣ፣ ቀና ብሎ አየ። "ቢጫ ሆኗል እኮ! አውርድና እንቅመሰው።"

"ኧረ ገና ነው ጌታዬ! የደጋ ፓፓያ ቢጫ ሆኖ ነው የሚጀምረው፣ አረንጓዴ የሚሆነው ሲበስል ነው!"

እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ወተፍኩ። አለቃው ግን አመነ! "ድንቅ ነው! አንተን የመሰለ ሰው እዚህ መቀመጥ የለበትም" አለ። አቶ ተክሌ መሬት ሊስም ጎንበስ አለ። "ናዝሬት ብለህ አመልክተህ ነበር አሉ፤ ናዝሬትማ ፓፓያ ሞልቷል፣ አንተን ምን ያደርግሃል? ያንተ ቦታ በቆጂ ነው!"

በቆጂ! አሰላ ሙቀት የሚባልበት አገር!

"ታዲያ ሄደ እንዴ እማማ?"

ሄደ እንጂ! ምን ይበል? "ፍሬውን ያሰርኩት እኔ ነኝ" ቢል ይባረራል፣ ዝም ቢል ይበርደዋል። ብርዱን መረጠ! ሃ ሃ ሃ!