በታውኖ ቤት የተመዘገበችው ሴት

ተቀበሉት! የታውኖን የግብር ማሳወቂያ የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተቀበሉት። አራት ጊዜ ልከን አራት ጊዜ የተመለሰብን ወረቀት በአምስተኛው ገባ።

ይቅርታ፣ ሰላምታ ይቀድማል። ክቡራትና ክቡራን፣ ባልደረቦቼ፣ አለቃችን ሃርላን፣ ይህን ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ኮሪን፣ ሥጋና ድንች የተሞላውን ፓስቲሽን በፎጣ ጠቅልለሽ ከነትኩሳቱ ስላደረስሽልን እጅሽ ይባረክ። አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት የሰው ግብር ስሞላ ኖሬ፣ ዛሬ በግብር ወቅቱ መዝጊያ ቀን ልሰናበታችሁ ቆሜያለሁ። ሃርላን አሳጥሪው ብሎኛል። በአሥራ ስድስት ዓመት ስንት ጊዜ እንዲህ አለኝ? ስንቱንስ ሰማሁት?

ለምን እንደምሄድ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። እሱን ለመናገር የዚያን ወረቀት ነገር ከሥሩ ማውጣት አለብኝ። ጥፋቴም እዚያው ውስጥ ስላለ አብሮ ይወጣል።

ፌብሩዋሪ መግቢያ ላይ፣ በረዶው መስኮቶቻችንን በደፈነበት ሳምንት፣ ታውኖ ፔልቶላ ግድግዳ እየዳበሰ በዚህ ደረጃ ወረደ። ታውኖ የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ሐይቁ ዳር ባለው ሰማያዊ ቤት ብቻውን ይኖራል። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው፣ ትድናለህ ብሎታል። ነገር ግን መንግሥት ለጤና መድኑ ይከፍልለት የነበረው ድጎማ ተቋርጧል። ግብሩን አሳውቆ ተቀባይነት ካላገኘ አይመለስለትም፤ ማሳወቂያው ደግሞ በላከ ቁጥር ይመለሳል። ያለ መድን ዓይኑን የሚነካለት የለም።

የተመለሰበትን ምክንያት አነበብኩለት። በመዝገባችን ድጎማው የተከፈለው በዚያ ቤት ለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ነው፣ አንተ ያሳወቅከው ግን ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው ይላል። ሁለተኛዋ ሚርትል ቦውደን ትባላለች።

«ሚርትል ማን ናቸው? ባለቤትዎ?» አልኩት።

«እኔም እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ከኮቱ ኪስ አንድ እስር ደብዳቤ አወጣ። በሙሉ ለሚርትል የተጻፈ ነው። ምርመራ ቀጠሮ አለሽ የሚል አለ፣ እንኳን ተወለድሽ የሚል ካርድም አለ። አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሁሉም የታተሙት በትልልቅ ፊደል ነበር። ለእሱ የሚመጣው ደቃቅ ስለሆነ ማንበብ አይችልም፣ የእሷን ግን ያነባል። ድጎማው መቋረጡን እንኳን ያወቀው ከእሷ ደብዳቤ ነው።

ቤትዎ የሚገባ የሚወጣ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዓይኔ ጭጋግ ነው። ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤት መስኮቱ ጋ የቆመ ነገር አያለሁ። ኮት ይሁን ሰው አልለየሁትም። ብቻ ደህና አደርሽ እላለሁ። ሰላምታ ነውር ነው እንዴ?»

ነውር አይደለም አልኩት። ሌላ ምን ይባላል? ቅዳሜ ከሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያችን ስንወጣ የመጨረሻውን እንፋሎት ለማይታየው የቤቱ መንፈስ መተው የአባቶቻችን ወግ ነው፤ እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ትተዋላችሁ። ታውኖ ግን ያን ክረምት፣ ይሄ ለሚርትል እያለ መተው ጀምሮ ነበር።

ወደ መድን ቢሮው ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስኮመኮሙኝና አንዲት ልጅ አነሳች። እንዲህ የምትባል ሴት በዚያ ቤት የለችም፣ መዝገቡ ስህተት ነው አልኳት።

«እመቤቴ፣ ሴትየዋ እኮ ራሷ ደውላለች» አለችኝ።

ማስታወሻውንም አነበበችልኝ። ከዓመት በላይ ሆኖታል። ደዋይዋ በአድራሻው እንደምትኖር አረጋግጣለች። አብሯት የሚኖረው ሰው ዓይኑ እየደከመ ስለሆነ ደብዳቤው በትልልቅ ፊደል ይሁንልን ብላለች።

ያኔ ታውኖ ገና ሐኪም ቤት አልረገጠም። ዓይኔ ደከመ ብሎ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለም።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኮቴን ደረብኩ። ማሞቂያው እየሠራ ነበር።

የመጀመሪያው ምዝገባ ቅጂ እንዲላክልኝ ጠየቅኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ቀኑ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ኖቬምበር አሥራ አራት ነው። ሥራ በሚለው ቦታ ላይ፣ የብሉቤሪ ማርማላታ ሻጭ ይላል። እሱን ደግሜ አነበብኩት።

ኮሪን፣ አስታወስሽ? ሃርላን፣ አንተስ? አዲስ የመጡትን የመድን ምዝገባ ስናሠለጥን የልምምዱ ገጽ አልከፍት አለን። በዋናው ገጽ እንለማመድና የመጨረሻው ቁልፍ ላይ እናቆማለን ተባባልን። የሌለች ሴት ፈጠርን። ኮሪን ሚርትል ብላ ስም አወጣችላት። ሃርላን ማርማላታ ትሽጥ አለ፣ ሁላችንም ሳቅን። መለያ ቁጥሯን በኋላ ታመጣለች ብለን አለፍነው። ኮምፒውተሩ የሌለ አድራሻ አልቀበልም ሲል ግን አድራሻ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ልኖርበት የምመኘውን ሰማያዊ ቤት ሰጠኋት። ሰው የሌለበት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፎቅ ላይ ኬክ ተቆረሰ ተባለና ወጣን። ስንመለስ ገጹ ተዘግቷል። ማን ነካው ብለን አልጠየቅንም። በዓመቱ ታውኖ በስልክ ሊመዘገብ ሲደውል፣ ያነሳው ሠራተኛ አድራሻውን አይቶ፣ እዚህ ቤትማ ሰው አለ ብሎ ከሚርትል ጋር አንድ ቤተሰብ አደረጋቸው።

ይህ ሁሉ ይገባል። ስልክ የደወለችው ግን ማናት? የዚያን ቀን የነበራችሁትን አንድ በአንድ ጠይቄያችኋለሁ። እናንተም እኔን ጠይቃችሁኛል። አሁንም አላውቅም።

መዝገቡ እንዲታረም ታውኖ አንድ ቃል መፈረም ነበረበት። ወረቀቱን ይዤ እቤቱ ሄድኩ። መጀመሪያ ጥፋቴን ነገርኩት፤ ዓይንህ በኔ ቀልድ ምክንያት ነው ያልታከመው አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እንግዲያ አንቺ ከፈጠርሻት አንቺው ንገሪያት» አለኝ። «እኔ ውጪልኝ ልላት አልችልም። ክረምቱን አብራኝ ከርማለች።»

ምን ላድርግ? ወጥ ቤቱ መሀል ቆሜ ወረቀቱን አነበብኩ። ሚርትል ቦውደን የምትባል ሰው በዚህ ቤት አትኖርም፣ ኖራም አታውቅም ይላል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለስንቱ ሰው ሳነብ ኖሬያለሁ፣ ድምፄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። ኖራም አታውቅም የሚለው ላይ ስደርስ ማንሾካሾክ ጀምሬ ነበር፤ ታውኖም ኮፍያውን አውልቆ ነበር። ለምን እንዳወለቀ አልጠየቅኩትም።

ፈረመ። ስወጣ በሩን ለኔ ከከፈተ በኋላ ቶሎ አልዘጋውም። ትንሽ ጠበቀ።

እርማቱ ስድስት ሳምንት ፈጀ። በዚያ መሀል ታውኖ ራሱ ሊያነበው የሚችለው ባለትልልቅ ፊደል ደብዳቤ ቀረበት፤ የሚርትል ፖስታ መምጣቱን አቁሟልና። እኔ እየሄድኩ አነብለት ጀመር። ኮሪን፣ አትሳቂ። አዎ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነው ስላችሁ እዚያ ነበርኩ። ይህን ያህል ጥርስ የት አለኝ?

ባለፈው ወር፣ አንድ ደብዳቤ አንብቤ ስጨርስ፣ እዚሁ ቅሪ አለኝ። ሞራ በጋረደው ዓይን ሚስት አይመረጥም አልኩት። መጀመሪያ ፊቴን እይ፤ ኋላ አታለለችኝ እንዳትል። ሳቀ። እሱ ሲስቅ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ደስ ያለው መሰለኝ። እንዲሁ መሰለኝ ነው የምላችሁ፤ እኔ የማየውን ነው የምጽፈው፣ ታውቁኛላችሁ።

ዛሬ ማሳወቂያው ተቀባይነት ስላገኘ ድጎማው ይመለሳል፣ የቀዶ ጥገናውም ቀን ተቆርጧል። እኔ ደግሞ እዚህ ልቆይ አልችልም፤ በደንባችን እዚህ የሚሠራ ሰው የገዛ ቤተሰቡን ወረቀት መያዝ ክልክል ነው፣ የእሱን ወረቀት ደግሞ ለሌላ ሰው አልሰጥም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያ ቤት ሁለት ሰው ይኖራል ተብሎ ሲጻፍ እውነት ይሆናል። መዝገቡ ቸኩሎ ነበር ልበል? ሌሊት አልጋዬ ላይ ሳስበው ፀጉሬ ይቆማል፤ ጠዋት ስነሳ ግን ደስ ይለኛል።

አዲሶቹ፣ አንድ ቃል ስሙኝ። የሌለ ሰው ስትፈጥሩ ክፉ ቤት አትስጡት። ቁልፉንም ሳታዩ ለኬክ አትውጡ።

ሃርላን፣ ለትዕግሥትህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ። ኮሪን፣ ልጆችሽ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። ሁላችሁም የላካችሁት ይድረስላችሁ፣ የተመለሰባችሁ ይቃናላችሁ፣ በራችሁን የሚያንኳኳ ሁሉ በስሙ የምትጠሩት ይሁን። ዓይናችሁን ያብራላችሁ።

የመጀመሪያው ዓይኑ በሜይ ስድስት ይከፈታል፣ ሁለተኛው በሃያ። ሁለቱንም ገልጦ ካየኝ በኋላም ሐሳቡን ካልለወጠ፣ ሠርጋችን ሐይቁ ዳር የበጋ አጋማሽ በዓላችን እሳት በሚነድበት ዕለት ነው፤ ቅዳሜ፣ ጁን ሃያ አንድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሰማያዊው ቤት። አንዳችሁም እንዳትቀሩ።