እማዬ ከጉብታው ውረጂ የተባለችበት ቀን
እማዬን ከሆላንዷ ዴን ሃግ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ መስክ ወሰድኳት። ሣር የለበሱ ጉብታዎች አሉበት። ሰሌዳውን አነበብኩላት፤ ጥንት መንደርና ግንብ ነበረ፣ ትልቁ ጉብታ ቤተ ክርስቲያኑ የነበረበት ነው ይላል። እማዬ ወዲያው ጫማዋን አውልቃ ትልቁ ጉብታ ላይ ወጣችና ለሙታኑ መጸለይ ጀመረች። ውሻውን የሚያናፍስ አንድ ሰውዬ መጥቶ፣ "ውረጂ፣ ቅርስ ነው፣ አይወጣበትም" ብሎ ጮኸባት። የራሱ ውሻ አጠገቧ እግሩን አንስቶ ይሸናል።

ደሜ ፈላ። "ውሻህስ?" አልኩት።

"ውሻ ምን ያውቃል" አለኝ።

እማዬ "ምን ይላል?" አለችኝ።

"ውረጂ ነው የሚለው።"

"እዚህ የተቀበሩት ዘመዶቹ ይሆናሉ እኮ። ነፍስ ይማር በይልኝ።"

ነገርኩት። ፊቱ ቀልቶ ውሻውን እየጎተተ ሄደ። እማዬ ከልቧ ነበር። እኔ ግን ነፍስ ይማር እያልኩ በሆዴ እረግመው ነበር።