የዱባው አበባ ለምን ረገፈ

የእህቴ ባልና ትንሿ ልጁ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኑሩ እንጂ የሚያዩት ዓለም ለየቅል ነበር። እርሱ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የተጠረገ ደጅ የሚወድ ሰው ነው፤ መሬት ላይ የሚንቀሳቀስ ጥቃቅን ፍጥረት ሁሉ በእርሱ ዘንድ ስሙ አንድ ነው፦ ተባይ። እርሷ ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ስለ ነፍሳት ያጠናች፣ ጉንዳን ላለመርገጥ ስትል ደረጃ ላይ የምትደናቀፍ ልጅ ናት።

እኔ ብዙ አገር ዞሬ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ የእነዚህን የሁለቱን ያህል ሆዴን ያባባው ግን የለም። በዚያ ጠዋት ወደ ገበያ ስሄድ አውቶቡስ አመለጠኝና በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ! ምን እግር ጣለዎት?»

«አውቶቡስ አምልጦኝ ነው።»

«በእኔ ጊዜ ቢሆን አያመልጥዎትም ነበር፤ ሕዝቡ እየጮኸብኝም ቢሆን እጠብቅዎ ነበር።»

እኔ ሳቅሁ፤ እርሱ አልሳቀም። በጀርባው የመድኃኒት መርጫ አዝሎ፣ ግቢውን የሸፈነውን የዱባ ሐረግ እየረጨ ነበር። ሟች እህቴ ከዓመት ዓመት እየመረጠች በጨርቅ ስትቋጥር የኖረችው ዘር ነው።

«ይመልከቱልኝ» አለኝ። «ያብባል፣ ይረግፋል፤ አንድም አልያዘ። ተባይ ጨረሰብኝ። ዘሩን ደግሞ አንዲት ፍሬ ሳላስቀር ነው የዘራሁት። ይህ ካልያዘ የእርሷ ዱባ አበቃ ማለት ነው።»

ልጅቱ እጇ እንደረጠበ ከወጥ ቤት ወጣች።

«አባባ፣ እባክዎ መርጫውን ያውርዱት።»

«ደግሞ ለትል ጥብቅና ልትቆሚ መጣሽ?»

«ለዱባው ነው የምቆመው።» ከሐረጉ ሥር የረገፈች፣ ቢጫ የሆነች ጨቅላ ዱባ አንሥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «እስኪ ይመርምሯት። የተበላ ቦታ አለ? ቀዳዳስ?»

መነጽሩን አወጣ፤ አገላበጣት። «የለም።»

«ተባይ አልነካትም። ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ነው የሚያወጣው፤ ብናኙን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርስለት ንብ ናት። ይህቺ ብናኝ ሳይደርሳት ቀርታ ጠወለገች። አበባው የሚከፈተው ጠዋት ነው፤ እርስዎም የሚረጩት ጠዋት ነው።»

«እኔ እኮ... ልጠብቀው ብዬ ነው።»

ሰው በሚጠላው ነገር ሲሳሳት ያበሳጫል፤ በሚወደው ሲሳሳት ግን ዓይን ለዓይን መተያየት ያቅታል። እኔም ወደ አጥሩ ዞርሁ። እርሱ ግን በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

«በዚህ ግቢ ንብ መቼ ነበረና ነው? ቀፎው የታለ?»

«ነበረ እንጂ! በአጥሩ ሥር ያሉት ቀዳዳዎች የማን ይመስሉዎታል?»

«የጉንዳን ነዋ። መድኃኒት አፍስሼ ደፈንኳቸው።»

ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የጉንዳን አይደሉም፣ አባባ። ብቻዋን የምትኖር ንብ አለች፤ ቀፎ የላት፣ ንግሥት የላት። መሬቱን ራሷ ትቆፍራለች፤ የአበባ ብናኝ አድቦልቡላ ታስገባለች፤ እንቁላሏን እላዩ ላይ ጥላ በአፈር ትዘጋዋለች። ከዚያ ትሞታለች። ልጆቿ ያን ስንቅ በልተው አድገው በሚቀጥለው ወቅት ይወጣሉ።»

«ሳታያቸው?»

«ሳታያቸው።»

መርጫውን ከጀርባው አወረደና ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«እናትሽ ዘሩን ስትቋጥር» አለ፣ «‹ትበሉታላችሁ› ነበር ያለችው። ‹እንበላዋለን› አላለችም። እኔ አላስተዋልኩም።»

ልጅቱ አጠገቡ ተቀመጠች። ቅጠሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ትንፏቀቅ ነበር። «ይህችስ?» አላት፤ የተከራካሪ ድምፁ ጠፍቶ የተማሪ ሆኖ።

«ክሽክሹን፣ ያን የቅጠሉን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ እየለቀመች የምትበላልዎ ናት። ሸረሪቷ ዝንቡን ታጠምድልዎታለች፤ የመሬት ትሉ አፈሩን ያላላልዎታል። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።»

«እኔ ደግሞ ሠራተኛውን ሁሉ አባርሬ ሥራው ለምን ቆመ እላለሁ» አለ፤ ከንፈሩ ፈገግ ሲል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በዚያ ጠዋት የተከፈተች ሴቴ አበባ አንዲት ብቻ ነበረች። ልጅቱ መድኃኒት ያልደረሰበት ወንዴ አበባ ፈልጋ ቀጥፋ ሰጠችው፤ እርሱም በዚያ መሪ በለመደ ትልቅ እጁ፣ ቀስ ብሎ ብናኙን ሴቴዋ ላይ ቀባ።

«ትይዛለች?»

«አላውቅም፣ አባባ። መድኃኒት አርፎባታል።»

ገበያውን ትቼ ለምሳ ቆየሁ። ቤተሰቡ ገበታ ከበበ፤ ታላቁ ወንድ ልጅም አዲስ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዞ መጣ። አባቱ ጠርሙሱን ተቀብሎ ከወንበሩ ሥር አኖረውና እጁን ሳይታጠብ ቆመ።

«ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ መድኃኒት አይረጭም። ንብ ከሌለ ፍሬ የለም፤ ፍሬ ከሌለ ዘር የለም፤ እናታችሁ የተወችልን ደግሞ ዘር ነው። ጥንዚዛዋም ሸረሪቷም ይኑሩ፤ ከእኔ የተሻለ ጠባቂ ናቸው። ንቦቹ እስኪመለሱ ድረስ ጠዋት ጠዋት አበባውን በእጄ የማገናኘው እኔ ነኝ። በአጥሩ ሥር የደፈንኩትንም እከፍተዋለሁ፤ ማንም መልሶ አይድፈነው።»

«ሁሉንም ገድለናቸው ከሆነስ፣ አባባ? ባይመለሱስ?» አለ ልጁ።

«ባይመለሱም መሬቱ ክፍት ይቆያል።»