የሮብ እንቁላል

ከልደታ ሜክሲኮ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ ነጠላ የለበሱ ሴትዮና እንቁላል በዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ የያዘ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ብላው እንጂ ልጄ፣ ይቀዘቅዝብሃል።»

«ስወርድ እበላዋለሁ እማማ።»

«ለምን?»

«ሮብ አይደል? እርስዎ ይጾማሉ ብዬ ነው።»

«አንተስ?»

«እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እንደ አባቴ። እናቴ ናት ኦርቶዶክስ።»

«ውይ! ታዲያ ቤታችሁ እንዴት ነበር?»

«አባዬ ሮብና አርብ ከእሷ ጋር ሽሮውን ነበር የሚበላው። በረመዳን ደግሞ እሱ ሳያፈጥር እሷ እህል አትቀምስም።»

«ማን አዘዛቸው?»

«ማንም። እኛንም እንዲህ አድርጉ ብለውን አያውቁም። ግን ይኸው፣ የሚጾም ሰው አጠገብ ጉሮሮዬ አይከፈትም።»

«ሚስትህ ምን ትላለች?»

«‹እንዳንተ ከሆነማ በዚህ ከተማ የሚበላበት ቀን አይገኝም› ትላለች።»

ሴትዮዋ ሳቁ።

«አይከፋህም?»

«ኧረ ምን ከፋኝ! እኛ ቤት ብቻውን የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም። ለልጆቼም ከዚህ የተሻለ የማወርሳቸው የለኝም።»

«ተባረክ። አሁን ግን ብላ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ነጠላውን የለበስኩት ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«የእውነት?»

«የእውነት። እንዲያውም ግማሹን አምጣ፣ ቁርስ ሳልበላ ነው የወጣሁት።»

ወጣቱ እየሳቀ ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ሌላ የሚጾም ሰው እንዳለ ለማየት ወደ ኋላ ወንበር ዞር ሲል፣ እኔ የአንገቴን ማተብ ቶሎ ብዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመርኩ።