ቅዝቃዜ የማይወድ ቅጠል

ፈይዬ፣ ነይ እስቲ በረንዳው ላይ ቁጭ በይ፣ እዚህ ፀሐይ አለ። ጎሽ፣ ደህና በሶብላ ነው ያገኘሽው። ግንዱን ጫፉ ላይ ቆረጥ አድርጊና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሚው። አሁን እንዳታጥቢው፤ የሚታጠበው ሊበላ ሲል ነው። ፍሪጅም አታስገቢው፣ በሶብላ ቅዝቃዜ አይወድም። ሳምንት ይቆይልሻል።

ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ አንዲት ሰው ይህንኑ ጠየቀችኝ። "አንቺ ቤት ቅጠል የማይጠወልገው ምን ብታደርጊው ነው?" አለችኝ። "ትንሽ ብርሃን፣ ትንሽ ውሃ፣ በየቀኑ ዞር ብሎ ማየት። ሌላ ጥበብ የለውም እህቴ" አልኳት። አመስግናኝ ወረደች። ማን እንደሆነች ይቅር... ስም መጥራት አልወድም። ያቺ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ያላት። ጎበዝ ሴት እኮ ናት። ቤቷ ሲያብረቀርቅ አይተሻል? አቧራ እንኳን አስፈቅዶ ነው የሚገባው። እንግዲህ ሰውማ...

እናቷን፣ እማማ ደሜን፣ ከቀራንዮ ያመጣቻቸው ጊዜ ትዝ ይልሻል? "ብቻዋን ከምትሆን" ብላ። አንጀቷ አይችልማ። እማማ ከጓሯቸው ጤና አዳምና ጦስኝ በነጠላቸው ቋጥረው መጡ። መስኮት ላይ በብርጭቆ ላቁመው ቢሉ፣ ሽታው ሶፋው ላይ ይቀራል ተባሉ። እሷ እጥብ አድርጋ፣ እንደራሰ በፌስታል ቋጥራ ፍሪጅ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ጠቁሮ፣ አተላ መስሎ ወጣ። ‘ሳይቃጠል በቅጠል’ ይባል የለ? እዚያ ቤት ቀድሞ የሚቃጠለው ቅጠሉ ነው።

እማማንም ጓዳ አስቀመጠቻቸው። ፀሐይ እንዳይመታቸው ብላ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፤ "እማዬ ተኝታለች" ትላለች። እኔም ሁለት ጊዜ ልጠይቃቸው ወጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ተኝተው ነበር። ቀን፣ በስድስት ሰዓት። ‘እናት አለኝ በጓዳ፣ ፊቷንም አላይ’ የሚባለው... ተሳሳትኩ መሰለኝ፣ ላም ነበረች አይደል?

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? መስኮቷ ክፍት ነው... ይሁን፣ ንፁህ አየር ይግባላት።

ኋላማ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እማማ ደሜ የደረጃውን ብረት ይዘው አራት ፎቅ ወረዱ። ታክሲ ተሳፍረው አስኮ፣ የእህታቸው ልጅ ኤቢሴ ጋ ገቡ። አልጋው ባዶ መሆኑ የታወቀው መቼ እንደሆነ ሰምተሻል? ሐሙስ። የእናቱን እንቅልፍ እንዲህ የሚያከብር ሰው የት ይገኛል? ምሳና እራታቸውንስ ማን ያቀርብላቸው ነበር አትበይኝ... እኔ ምን አውቄ።

እሁድ ሄጄ አየኋቸው። ኤቢሴ ደጅ ወንበር አውጥታላቸው ጎመን ሲቀነጥሱ ደረስኩ። ሲያዩኝ ተነስተው አቀፉኝ። "ልጅዎ መጣች ወይ?" ብላቸው አንገታቸውን ደፉ። "ሥራ ይበዛባታል እኮ። እንዳትቀየሚያት" አሉኝ። እኔ እቀየማለሁ? ምን አግብቶኝ።

ሁለቱ ልጆቿ ግን እንዴት አድገዋል። ዓይናቸው ሁሉን ያያል፤ እናታቸው የምታደርገውን አንዷንም አይረሱም። እግዜር ያሳድግላት። ዕድሜም ይስጣት፣ የእማማን ዕድሜ። ያኔ ልጆቿ፣ እሷ ለእናቷ ያደረገችውን ሁሉ፣ አንዷንም ሳያጎድሉ ያድርጉላት። አሜን በይ እንጂ፣ ፈይዬ።