ከሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ገጽ ላይ ስለጠፋው ነጥብ

የቃል ሰጪው ስም፦ ከመታወቂያው ተቀድቶ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ፤ በአሁኑ ጊዜ የአራተኛ ዓመት የፊዚክስና የሥነ ፈለክ ተማሪ
አድራሻ፦ ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ዓርብ ሰኔ 6 ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡10
ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን ከተሰጠው ቃል ቀጥሎ የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የተበደልኩት በደል ይህ ነው፦ በሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አይቼ በደብተሬ የሳልኩት ነጥብ በላጲስ ተጠርጎብኛል። ረቡዕ ዕለት በሰጠሁት ቃል ይህን ያደረገው የቤተ ሙከራው ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው ብዬ ነበር። እሱ አይደለም። ያደረገችው የሴት ልጄ ልጅ ናት። ሰውየው በእኔ ቃል ሁለት ቀን ታስሯልና፣ ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር የመጣሁት ይህን ለማስመዝገብ ነው።

ነገሩ እንዲገባ ከሥራው እጀምራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ሁሉ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በረንዳዬ ላይ ፀሐይን ስያለሁ። ፀሐይን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ ቴሌስኮፑን ወደ ፀሐይ አዞርና ከኋላው ሌንስ የሚወጣውን ብርሃን ወረቀት ላይ አሳርፋለሁ። ምስሉን ወረቀቱ ላይ ካሰመርኩት ክብ ጋር አገጥምና ፀሐይ ላይ የሚታዩትን ጥቁር ነጥቦች በእርሳስ አስቀምጣለሁ። ሰዓቱን ጽፌ እፈርማለሁ። በዚህ ዓይነት ሠላሳ ደብተር ሞልቻለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ለራሴ ያወጣሁት አንድ ሕግ ግን አለ፤ የዛሬውን ስስል የትናንቱን ገጽ አላይም። ትናንትን ያየ እጅ ሳያውቀው ትናንት ወደነበረበት ይሄዳል። ይህን ሕግ አንድ ቀን አልጣስኩም።

በስልሳ ሰባት ዓመቴ የመግቢያ ፈተና አልፌ ከልጅ ልጄ ጋር በአንድ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ዘግይቶ ለሚመጣ መምህር ሰዓቴን ስለማሳይ ተማሪዎቹ «ጋሼ ሰከንድ» ይሉኛል። ለመመረቂያ ጥናታችን ከደብተሮቼ ተነስተን ፀሐይ በስንት ቀን አንዴ በራሷ ዙሪያ እንደምትዞር እንድናሰላ ሁለታችን ተመደብን። ሥዕሉ የእኔ ነው፤ ነጥቦቹ ከቀን ወደ ቀን ምን ያህል እንደሄዱ በማስመሪያ የለካችውና ስሌቱን የሠራችው እሷ ናት።

ሰኞ ሰኔ 2 ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጥናቱ ከመቅረቡ በፊት ዋናው መረጃ ገቢ ይሁን ስለተባለ ደብተሮቹን ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ አስረከብኩ። እያንዳንዱን ገጽ ቆጥሮ እንዲፈርምልኝ ጠየቅሁት። «ጋሼ ሰከንድ፣ እኔ የምቆጥረው ዕቃ ነው። ካላመኑኝ እርስዎም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይግቡና አብሬ ልቆልፍብዎት» አለኝ። የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ቂም ያዝኩበት። ይህን ረቡዕ ዕለት ስላልተናገርኩት አሁን ይጻፍ።

ረቡዕ ሰኔ 4 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሦስት ፈታኞች ፊት ቆሜ የመጨረሻውን ደብተር ገለጥኩ። ላሳያቸው የመረጥኩት አንድ ገጽ ነበር። በዚያ ቀን የትም ያሉ ተመልካቾች ፀሐይ ባዶ ናት ብለው ሲመዘግቡ እኔ ብቻዬን አንዲት ነጥብ አይቻለሁ። በዚያች ነጥብ እኮራ ነበር። «ይህችውላችሁ» ብዬ ጣቴን አሳረፍኩ። ከጣቴ ሥር ክቡ ብቻ ነው ያለው። ክው አልኩ። ቀጣዩን ገለጥኩ፤ እዚያም ወረቀቱ በላጲስ ተፍቆ ሻክሯል። ቀጣዩም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም፤ ጮህኩ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ያለው ኃላፊው ዘንድ ብቻ ስለሆነ እሱ ነው አልኩ። የልጅ ልጄ ክንዴን ይዛ «አባባ፣ ይተዉት፣ በእናትዎ ቁጭ ይበሉ» ስትለኝ «አንቺ ዝም በይ!» አልኳት። ፖሊስ መጥቶ ሰውየውን ወሰደው። ቤት ገብተን ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ዛሬ ማንም እንዳያናግረኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ።

ሐሙስ ሰኔ 5 ቀን ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የተበላሹትን ገጾች ቆጥሬ እንዳስመዘግብ ወደዚህ ጣቢያ ተጠራሁ። እርሳስ ጫን ተብሎ የተጻፈበት ወረቀት ሲጠረግ ቀለሙ ይሄዳል እንጂ ስርጉዱ አይሄድም። ደብተሩን መስኮቱ አጠገብ አጋድሜ፣ ሰዓት የምጠግንበትን ማጉያ ዓይኔ ላይ ሰክቼ ስርጉዶቹን አገኘኋቸው። የጠፋው ከየገጹ አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አልተነኩም። መርማሪው ለማስረጃ እንዲሆን የእያንዳንዱን ቦታ በስስ ወረቀት ላይ እንዳነሳ አዘዙኝ። ስሱን ወረቀት በክቡ ላይ እያነጠፍኩ በመርፌ ወጋሁ። አንደኛውን ወጋሁ። ሁለተኛውን ስወጋ መርፌው በመጀመሪያው ቀዳዳ ገባ። ሦስተኛውም እዚያው ገባ። ሃያኛው ላይ ስደርስ መርፌው ከእጄ ወደቀ። መርማሪው «አባት፣ ውሃ ላምጣልዎት?» ብለውኛል።

ለማያውቅ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ፀሐይ በሃያ ሰባት ቀን ገደማ አንዴ ትዞራለች። በእሷ ላይ ያለ ነጥብ ከጠርዝ ተነስቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ በሌላኛው ጠርዝ ይጠፋል። የተጠረጉት ገጾች የአሥራ አራት ወር ናቸው፤ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቦታ የሚቆም ነጥብ ፀሐይ ላይ የለም። እኔ ግን በየቀኑ አዲስ ነጥብ ያየሁ መስሎኝ አንዱን ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ጊዜ ስያለሁ። የትናንቱን ገጽ አንድ ቀን ብገልጥ ኖሮ በሦስተኛው ቀን አውቀው ነበር። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የፀሐይን ነጥብ ከዝንብ ኩስ አይለይም፤ የጠረገው ሰው ግን የትኛውን እንደሚያጠፋ አሳምሮ ያውቃል። ገጾቹን በማስመሪያ የለካ ሰው አንድ ብቻ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ሰላምታ አልሰጠኋትም። በረንዳ ወጥቼ ቴሌስኮፑን ፀሐይ ላይ አነጣጠርኩ። ነጥቡ በቦታው አለ። የኋላውን ሌንስ ሩብ ዙር አዞርኩት፤ ነጥቡ አብሮ ዞረ። ሌንሱን ነቅዬ በማጉያ አየሁት። ሌንሱ የተሠራበትን ሁለት መስታወት ያጣበቀው ሙጫ በፀሐይ ሙቀት ተቃጥሎ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ጥቁር ነገር ይዟል። አርባ ዓመት የሰው መስታወት ሳጸዳ ኖሬ የራሴን አላየሁም። በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

እሷ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። «እኔ ነኝ አባባ» አለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «በሚያዝያ ሌንሱን አዙረው ይዩት አላልኩዎትም? እናትሽ ሳትወለድ ጀምሮ መስታወት አውቃለሁ ብለው አላባረሩኝም?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ብያታለሁ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት «አባባ ገጾቹን ቁጥር ስጪያቸው ብለውኛል» ብላ ከኃላፊው ቁልፍ ተቀብላ፣ ፈታኞቹ እንዳይስቁብኝ ስትል ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ነጥቡን ከየገጹ ጠርጋዋለች። የማሳየው ያንኑ ገጽ መሆኑን አላወቀችም። እኔም ስህተቱ የእኔ ነው፣ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ አጠገቡ ይፈረማል፣ ይህን የመጀመሪያ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ተምረሻል፤ ማን ጥረጊ አለሽ አልኳት። «ፀሐይዋ እንኳን ትዞራለች፤ የማይዞሩት እርስዎ ብቻ ነዎት!» ብላ አለቀሰች። ሰው ታስሮ እንዴት ዝም አልሽ ብዬ ስጠይቃት ትናንት ልነግርዎት ስል በር ዘጉብኝ አለች። 

ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በዚህ ጣቢያ ኮሪደር ኃላፊው ፊቱን ታጥቦ ሲመለስ አገኘሁት። ቁልፉን ለልጅቷ መስጠትህን እያወቅህ ለምን ለፖሊስ አልተናገርክም አልኩት። ፎጣውን ትከሻው ላይ እያደረገ «ጋሼ፣ እኔን ባዳውን በአንድ ቃል ያሳሰሩ ሰው እሷን ምን ሊያደርጓት ነው ብዬ ነው» አለኝ። አልተቆጣም። 

ስለዚህ ሰውየው ዛሬውኑ እንዲለቀቅ እጠይቃለሁ። በልጅ ልጄ ላይ ክስ አላቀርብም፤ ይቅር ብያታለሁ ማለት ግን አይደለም። ፈታኞቹ ለሰኞ ቀጥረውናል። ደብተሩን የተጠረገውን እንደተጠረገ አቀርባለሁ፤ የሌንሱንም ነገር በራሴ እጅ ጽፌ እፈርምበታለሁ። ብንወድቅ ሁለታችንም እንወድቃለን፤ ይህንን ነግሬያታለሁ። መርማሪው ረቡዕ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ሆኖ ስለተገኘ ከመዝገቡ እናውጣው ብለውኝ ነበር። እምቢ ብያለሁ። አንድ መስመር ተሰምሮበት፣ የተጻፈው ከሥሩ እየተነበበ፣ አጠገቡ ፈርሜ በቦታው እንዲቀመጥ አድርጌያለሁ።

ከላይ ያለው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። ተነቦልኝ፣ እኔም ራሴ ደግሜ አንብቤው ልክ መሆኑን አረጋግጫለሁ። የተጠረገ ቃል የለበትም። ፍርድ ቤት ቢፈልገኝ ይህን ወረቀት ያንብብ። ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር ለዳኛም፣ ለመምህርም፣ ለልጅ ልጄም አንዲት ቃል አልናገርም።

የቃል ሰጪው ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________